«ብሪጂድ» ወይም «ብሪድ» የሚለው የአየርላንድ የሴት ስም ከየት መጣ፣ ትርጉሙስ ምንድን ነው?

የኪልዴር ምራት፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከአየርላንድ፣ ከኪልዴር አውራጃ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ሲሆን፣ በቅርቡ ለምትወለደው ልጃችን የአማቴ ስም እንዲወጣላት ቤተሰቡ አጥብቆ ይመኛል። እኔም ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ሆኖም ስሙን በቅጡ ሳላውቅ ለልጄ ማውጣት አልፈለግሁም። አማቴ በመታወቂያቸው ላይ «ብሪጀት» ተብለው ተመዝግበዋል። እኅቶቻቸው «ብሪዲ» ይሏቸዋል። እሳቸው ራሳቸው የስማቸው ባለቤት ቅድስት ብሪጂድ እንደሆነች ይናገራሉ። ከምዕራብ አየርላንድ የመጡ አንድ አዛውንት ጎረቤታቸው ደግሞ በአይሪሽ ቋንቋ ሲያነጋግሯቸው «ኣ ቭሪድ» እያሉ ይጠሯቸዋል።

ትርጉሙን ስጠይቅም እንዲሁ የተለያየ መልስ ነው የማገኘው። የባለቤቴ እኅት «የእሳት ቀስት ማለት ነው» አለችኝ፤ የሕፃናትን ስም የሚዘረዝር አንድ ድረ ገጽ «ኃይል» ይላል፤ ሌላው «ከፍ ያለች» ይላል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ያሉት እናቴ በስልክ ስንነጋገር «የጣዖት ስም ነው ሲባል ሰምቻለሁና ልጄ፣ ከማውጣትሽ በፊት አጣሪ» ብለውኛል። ከሦስቱ ትርጉሞች የትኛው ነው እውነተኛው? ስሙስ የጣዖት ነው ወይስ የቅድስት? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መዝገበ ቃላት ወዳጅ፦

እንኳን ደስ አለሽ፣ በሰላም ያገላግልሽ። ስለ ቅድስቲቱ የሚያውቅ ሰው ይመጣል ብዬ ተስፋ ስለማደርግ እኔ በትርጉሙ ላይ ብቻ እቆያለሁ።

ሦስቱ ትርጉሞች እኩል ክብደት የላቸውም። በቋንቋ አጥኚዎች ዘንድ ጸንቶ የቆመው «ከፍ ያለችው» የሚለው ነው። በጥንታዊው አይሪሽ ስሙ «ብሪጊት» ተብሎ ይጻፍ የነበረ ሲሆን፣ መካከል ላይ ያለው «ጊ» ግን በአፍ ሲነገር ላላ ያለ ድምፅ ነበረው፤ በኋላም ይኸው ድምፅ ፈጽሞ ጠፍቶ ስሙ «ብሪድ» ሆነ። አጥኚዎች አይሪሽንና ዘመዶቹን የያዙትን የኬልት ቋንቋዎች እርስ በርስ በማመሳከር የስሙ የቀደመ መልክ «ብሪጋንቲ» እንደነበር ይናገራሉ፤ ይህም ከፍታን ከሚያመለክት እጅግ ጥንታዊ ሥር የወጣ አንስታይ ቅጽል ነው። ከዚያው ሥር የበቀሉ ቃላት ከአየርላንድ እስከ ህንድ ተዘርተው ይገኛሉ። ተራራ ማለት የሆነው የጀርመንኛው «በርግ»፣ እንደ ሐምቡርግ ባሉ የከተማ ስሞች መጨረሻ ላይ የምናየውና ምሽግን የሚያመለክተው «ቡርግ»፣ እንዲሁም ከፍ ያለችና ታላቅ የሆነች ማለት የሆነው የሳንስክሪቱ «ብርሃቲ» ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። (ይህ የመጨረሻው ከእኛ «ብርሃን» ጋር መመሳሰሉ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የብርሃን እናት የሚል ትርጉም የሚሰጥ ሰው ቢመጣ አትስሚው።) በሮማውያን ዘመን በሰሜን እንግሊዝ ይኖሩ የነበሩት «ብሪጋንቴስ» የተባሉት ነገዶች፣ በዚያው አካባቢ ስሟ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ የተገኘው «ብሪጋንቲያ» የተባለችው አምላክ፣ በዛሬዪቱ ኦስትሪያ የምትገኘው የብሬገንዝ ከተማም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ምንጭ ነው። ስለዚህ ስሙን ወደ እኛ ቋንቋ ላምጣው የሚል ሰው «ልዕልት» ቢለው ሥሩንም ማዕረጉንም ያገኘዋል፤ «ልዕልት» ራሱ ከፍ ካለ ነገር የመጣ ነውና።

«ኃይል» የሚለው ትርጉም የመጣው ስሙ ከሌላ ቃል ጋር ተደባልቆ ነው። በጥንታዊው አይሪሽ «ብሪግ» የሚል ቃል ነበረ፤ ትርጉሙም ኃይልና ብርታት ነው፤ በዛሬው አይሪሽም «ብሪ» ሆኖ ይሠራበታል። ይህ ቃል ራሱን ችሎ የሴት ስምም ነበር። በአየርላንድ አፈ ታሪክ ስለ ማግ ቱሬድ ጦርነት በሚነገረው ክፍል ውስጥ ልጇ ሩዋዳን የተገደለባት ብሪግ የተባለች አምላክ አለች፤ በአየርላንድ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሙሾ ድምፅ የተሰማው እሷ ልጇን ስታለቅስ ነው ይባላል። ስሞቹ ስለሚቀራረቡና ሁለቱም ከአማልክት ጋር ስለሚነሡ የስም ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሰዎች የአንዱን ትርጉም ለሌላው ይሰጡታል።

«የእሳት ቀስት» የሚለው ከሁሉም ይበልጥ የሚወራው ነው፤ ነገር ግን የስሙ ሥር አይደለም። ምንጩ የታወቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ908 በጦር ሜዳ ለወደቀው ለካሼል ንጉሥና ኤጲስ ቆጶስ ለኮርማክ ማክ ኩሌናን የሚሰጥ የቃላት መፍቻ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ስሙን ለሁለት ሰንጥቆ «ብሬዮ» ማለት ነበልባል፣ «ሳጊት» ማለት ቀስት በማለት ይተረጉመዋል። የዚያ ዘመን የአየርላንድ መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ636 ያረፈውን የሴቪሊያውን ኢሲዶሮስን መንገድ ተከትለው ስሞችን በዚህ ዓይነት እየሰነጠቁ ምሥጢር ያወጡላቸው ነበር። ሐሳባቸው የቃሉን ታሪክ መመርመር ሳይሆን የስሙ ባለቤት ምን ዓይነት እንደሆነች መናገር ስለነበር፣ ትርጉሙ ስለ ስሙ ባይነግረንም በ10ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ብሪጂድ በሰዎች ልብ ከእሳት ጋር ተሳስራ እንደነበር ይነግረናል። የባለቤትሽ እኅት ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው የነገረችሽ፤ ስለዚህ ተሳስተሻል ብለሽ አትከራከሪያት።

የታሪክ ተማሪ፦

እኔ ደግሞ የእናትሽን ጥያቄ ልያዝ፤ ይበልጥ የሚከብደውም እሱ ነውና። በኢንተርኔት ላይ በሰፊው የሚነገረው «ብሪጂድ የጥንት አምላክ ነበረች፤ ቤተ ክርስቲያን አጥምቃ ቅድስት አደረገቻት» የሚል አጭር ታሪክ ነው። ይህ አባባል ለጆሮ ይጥማል፤ ማስረጃው ግን እንዲህ የተጣራ አይደለም።

በትውፊት ቅድስት ብሪጂድ እ.ኤ.አ. በ451 ገደማ ከደንዶክ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ፋሃርት እንደተወለደችና በ525 ገደማ እንዳረፈች ይነገራል። የመሠረተችው ገዳም አሁን አንቺ ባለሽበት በኪልዴር ነበር፤ የከተማዋም ስም በአይሪሽ «የባሉጥ ዛፍ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው። ወደ እኛ የደረሰውን ጥንታዊ ገድሏን በ7ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን የጻፈው ኮጊቶሱስ የተባለ የኪልዴር መነኩሴ ነው። ገድሉ ስለ ሕይወቷ ቀን ቆጥሮ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ተአምር ነው። ለድሆች የሰጠችው ቅቤ ተመልሶ ይሞላል፤ በዝናብ የራሰ ልብሷን በፀሐይ ጮራ ላይ ትሰቅለዋለች። ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ሲናገር ግን ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን የሚገልጽ ይመስላል። ከመሠዊያው በስተቀኝና በስተግራ የብሪጂድና የኤጲስ ቆጶሱ የኮንሌት መቃብሮች በወርቅ፣ በብርና በከበሩ ድንጋዮች አጊጠው፣ በላያቸው የወርቅና የብር ዘውዶች ተንጠልጥለው እንደነበር፣ ሕንፃውም በሳንቃ ግድግዳ ተከፍሎ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላው በኩል ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር ይጸልዩ እንደነበር ይተርካል። እንዲህ ያለ ገዳም ከባዶ ሜዳ አይነሣም፤ አንዲት የታወቀች መሥራች እንደነበረችው አምናለሁ።

በአንጻሩ ብሪጊት የተባለች አምላክ በአየርላንድ እንደነበረች በግልጽ የሚናገረው ጽሑፍ ከላይ የተጠቀሰው የኮርማክ መፍቻ ነው። እሱም ባለቅኔዎች የሚያመልኳት፣ በአየርላንድ አፈ ታሪክ ከዋናዎቹ አማልክት አንዱ የሆነው የዳግዳ ልጅ እንደነበረች፣ ሁለት እኅቶቿም በተመሳሳይ ስም ይጠሩ እንደነበር፣ አንዷ የሕክምና፣ ሌላዋ የብረት ሥራ አምላክ እንደነበረች ይናገራል። ይህ መጽሐፍ ከኮጊቶሱስ ገድል ሁለት መቶ ዓመት ያህል የሚያንስ ሲሆን የጻፉትም ክርስቲያኖች ናቸው። ስለዚህ በአየርላንድ ጽሑፍ ውስጥ ቀድማ የምትገኘው ቅድስቲቱ ናት። የአምላኳን ጥንታዊነት የሚደግፈው ዋናው ማስረጃ በብሪታንያ በሮማውያን ዘመን የተቀረጸው የብሪጋንቲያ ስም ነው።

እሳቱስ? እ.ኤ.አ. በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የጻፈው የዌልሱ ጄራልድ በኪልዴር የማይጠፋ እሳት እንደነበረ ይተርካል። አሥራ ዘጠኝ መነኮሳት ሴቶች ሌሊት ሌሊት በየተራ ይጠብቁት ነበር፤ በሃያኛው ሌሊት ባለ ተራዋ እንጨቱን አጠገቡ አኑራ «ብሪጂድ ሆይ፣ ይህ ሌሊት ያንቺ ነው» ብላ ትሄዳለች፤ ሲነጋ እንጨቱ ነድዶ እሳቱ ሳይጠፋ ይገኛል። በዙሪያው በቅርንጫፍ የተሠራ አጥር ስለነበር ወንድ አያልፈውም፤ እሳቱም የሚራገበው በወናፍ ወይም በማራገቢያ እንጂ በአፍ እፍ አይባልም። እሳቱ እ.ኤ.አ. በ1220 በደብሊኑ ሊቀ ጳጳስ ትእዛዝ እንደጠፋ፣ ዳግመኛ ተቀጣጥሎም ገዳማት እስከተዘጉበት እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን እንደቆየ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1993 የብሪጂዲን እኅቶች የተባሉት፣ በቅድስቲቱ ስም የተሰየመ ማኅበር መነኮሳት ሴቶች በኪልዴር መልሰው ለኩሰውታል። ይህን ሥርዓት ከክርስትና በፊት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ በገዳም የተጀመረ ነው የሚሉም አሉ።

ለእናትሽ ግን ይህን ሁሉ ክርክር መንገር አያስፈልግም። አንድ ስም ከአምላክ ስም ጋር መገናኘቱ የስሙን ባለቤት አያረክስም፤ ይህንንም ከእኛው ቤተ ክርስቲያን ማሳየት ይቻላል። ባሕረ ሐሳብን ያወጣው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ስሙ በግሪክ «የዴሜተር የሆነ» ማለት ነው፤ ዴሜተር ደግሞ የግሪኮች የእህል አምላክ ነበረች። ኢሲዶሮስ «የኢሲስ ስጦታ» ማለት ነው፤ ኢሲስ የግብፃውያን አምላክ ናት። የጾማችንንና የበዓላችንን ቀን በድሜጥሮስ ቀመር ስናወጣ ስለ ስሙ ያጉረመረመ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

የኪልዴር ምራት፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የድሜጥሮስን ነገር ለእናቴ ስነግራቸው ሳቅ ብለው «እንዲያ ከሆነማ» ብለውኛል። አሁን ሌላ ነገር ገረመኝ። አማቴ በወጣትነታቸው ስማቸውን ይጠሉት እንደነበር ነገሩኝ፤ «የገረድ ስም ነው ይሉን ነበር» ብለው ሌላ ሳይጨምሩ ዝም አሉ። ቦስተን ሄደው የቀሩት አክስታቸውም ብሪጀት ሆነው ሳለ እስኪሞቱ «ዴሊያ» ነኝ ይሉ ነበር። የቅድስትና የልዕልት ስም እንዴት የውርደት ስም ሆነ?

ጎልዌይ ነዋሪ፦

ይህን ጥያቄ በየቀኑ በሥራዬ አየዋለሁ። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ነኝ። በመዝገባችን ላይ ለሕጋዊው ስም አንድ ቦታ፣ የሚጠሩበትን ስም ለመጻፍ ሌላ ቦታ አለ። በመጀመሪያው ቦታ «ብሪጀት» የተባሉት እናቶች በሁለተኛው ብሪዲ፣ ብሪዳ፣ ቢዲ፣ ብሪድ፣ ዴሊያ ተብለው ይገኛሉ። አዲስ የመጣ ሠራተኛ መድኃኒት ሊሰጥ ሲል «ብሪጀት» ብሎ ቢጠራ ሦስት ሴቶች አቤት ይላሉ፤ አንዳንዷ ደግሞ ሰባ ዓመት ያልተጠራችበት ስም ስለሆነ ዘወር ብላም አታይም።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ስሙ ሁልጊዜ እንዲህ የበዛ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን የአየርላንድ ሰዎች የማርያምን፣ የፓትሪክንና የብሪጂድን ስም ለልጆቻቸው በቀጥታ ማውጣት እንደ ድፍረት ይቆጥሩት ነበር። በዚህ ፈንታ «ማይል ብሪግቴ» ይሉ ነበር፤ ይህም በጥሬው ጠጉሩን ለብሪጂድ የተላጨ፣ የእሷ አገልጋይ የሆነ ማለት ነው። ወይም «ጊላ ብሪዴ» ይሉ ነበር፤ የብሪጂድ ሎሌ ማለት ነው። የእኛ ገብረ ማርያምና ገብረ ጊዮርጊስ በትክክል በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ይህንን ልማድ ለአየርላንዳውያን ሳስረዳ አልቸገርም፣ እነሱም ለእኔ አይቸገሩም። ማክብራይድና ኪልብራይድ የሚባሉት የዛሬ የቤተሰብ ስሞች ከእነዚህ የቀሩ ናቸው። ለምሳሌ ማክብራይድ «የብሪጂድ ሎሌ ልጅ» ማለት ነው።

በኋለኞቹ ዘመናት ያ ፍርሃት ሲቀር ስሙ በቀጥታ ይወጣ ጀመር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሜሪ ቀጥሎ በየቤቱ ከሚሰሙት ስሞች ግንባር ቀደሙ ሆነ። መዝጋቢዎቹ በእንግሊዝኛ ስለሚጽፉ ብሪድ የተባለችው ሁሉ «ብሪጀት» ሆና ገባች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1845 የድንቹ በሽታ ገባና ታላቁ ረኀብ ተከተለ፤ ሕዝቡ በመርከብ ወደ አሜሪካ ጎረፈ። የአየርላንድ ስደት ከሌሎች የአውሮፓ ስደቶች የሚለየው ያላገቡ ወጣት ሴቶች ብቻቸውን በብዛት የተጓዙበት መሆኑ ነው። እነዚህ ሴቶች በኒው ዮርክና በቦስተን በሰው ቤት ወጥ ቤትና አጽጂ ሆነው ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ እመቤቶቹ የአየርላንድ ሠራተኛን ሁሉ፣ ስሟ ማንም ይሁን ማን፣ «ብሪጀት» ወይም «ቢዲ» ይሏት ጀመር። በኒው ዮርክ ይታተም የነበረው «ፐክ» የተሰኘው የቀልድ መጽሔት ይህችኑ ብሪጀት ክንደ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ሳህን ሰባሪ አድርጎ ይሥላት ነበር። ስሙ የሰው መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የሥራ መደብ ሆነ። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የኖሩ እኅቶቻችን አሠሪዋ ለመጥራት ይቀለኛል ብላ ሌላ ስም ስታወጣላቸው ምን እንደተሰማቸው የሚያውቅ ሰው ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል።

በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ስማቸውን ቀየሩ። አንዳንዷ በርታ ሆነች። ሌላዋ «ቢዲ» የሚለውን ቁልምጫ ወደ «ቢዴሊያ» አስረዝማ፣ ከዚያ መጀመሪያውን ቆርጣ «ዴሊያ» ተባለች፤ የአማትሽ አክስት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወሬውም በደብዳቤና ለጉብኝት በሚመለሱ ሰዎች አማካይነት ወደ አገር ቤት ተመለሰ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከተሜ ለመባል የሚፈልጉ ወላጆች ለልጆቻቸው ብሪጀት ማለት ተዉ። አማትሽ «የገረድ ስም» ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በነገራችን ላይ ሊያፍሩ የሚገባቸው ቤት ጠራጊዎቹ አልነበሩም፤ እነሱ በላኩት ገንዘብ ነው የስንቱ ቤት ኪራይ የተከፈለውና ታናናሾቻቸው የመርከብ ቲኬት የተቆረጠላቸው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የአይሪሽ ቋንቋ መነቃቃት «ብሪድ» የሚለውን መልክ ከብሪጀት ለይቶ አከበረው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የቅድስት ብሪጂድ ቀን ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ በአየርላንድ በሴት ስም የተሰየመ የመጀመሪያው የሕዝብ በዓል ነው። በዓሏ ፌብሩዋሪ 1 ሲሆን በእኛ ጥር 24 አካባቢ ይውላል፤ ሥራ የሚዘጋው ግን በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ አንደኛው ቀን ዓርብ ላይ ከዋለ ግን ዓርቡ ይከበራል። በዋዜማው ምሽት በገጠር ያሉ ሰዎች ከረግረግ ቄጠማ ነቅለው አራት ክንድ ያለው የብሪጂድ መስቀል ይጎነጉናሉ። እኛ መጦሪያ ውስጥ ይህን ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ስማቸውን የሚረሱ እናቶች ጣቶቻቸው ግን ቄጠማውን እንዴት እንደሚያጥፉ አይረሱም። ሌላው ልማድ አንድ ጨርቅ በዋዜማው ሌሊት ውጭ ማሳደር ነው፤ ብሪጂድ ስታልፍ ትባርከዋለች ይላሉ፤ ጨርቁም ለራስ ምታት ይቀመጣል።

ስቶክሆልም ነዋሪ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ ባለሁበት አገር ብሪጀት የስዊድን ስም ነው ይባላል። ቅድስት ቢርጊታ የታወቀች የዚህ አገር ቅድስት ናት። የአየርላንዱ ከዚህ የተወሰደ ሊሆን አይችልም?

መዝገበ ቃላት ወዳጅ፦

አይችልም፤ ቅደም ተከተሉ ተቃራኒ ነው። የስዊድኗ ቢርጊታ የኖረችው እ.ኤ.አ. ከ1303 እስከ 1373 ሲሆን፣ የኪልዴሯ ብሪጂድ ገድል ከእሷ ልደት ቢያንስ ስድስት መቶ ዓመት ቀድሞ ተጽፏል። የአየርላንዷ ቅድስት ስም ከአየርላንድ መነኮሳት ጋር ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በየቋንቋው ተለዋወጠ፤ በስካንዲናቪያ ቢርጊታ፣ ብሪታና ብሪት ሆነ፣ በፊንላንድ ፒርኮ፣ በፈረንሳይ ብሪዢት፣ በፖላንድ ብሪጊዳ። ቢርጊታ ራሷ ዝነኛ ስትሆን ደግሞ ብዙ አውሮፓውያን ስሙን ከእሷ ወሰዱት። ስለዚህ በዋርሶ ወይም በስቶክሆልም የምታገኛት ሴት ስሟን ያገኘችው ከስዊድኗ ሊሆን ይችላል፤ የስሙ አያት ግን ኪልዴር ናት።

ለታሪክ ተማሪውም አንድ ተቃውሞ አለኝ። ጽሑፉ ቀድሞ የተገኘው ስለ ቅድስቲቱ ነው ማለቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ክርስትና ከመግባቱ በፊት በአየርላንድ ከኦጋም የድንጋይ ጽሑፍ በስተቀር መጽሐፍ ስላልነበረ፣ ስለ አምላኳ የቆየ የአይሪሽ መጽሐፍ አለመገኘቱ አልነበረችም ለማለት አያበቃም። የኮርማክ መፍቻ አምላኳን ሦስት እኅትማማቾች አድርጎ ማቅረቡ እኔን ያሳስበኛል፤ በሦስት የሚመለኩ እናቶች በሮማውያን ዘመን በኬልቶች አገር በድንጋይ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ፤ የ10ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ይህን ከራሱ ፈጠረ ለማለት ይከብደኛል። «ከፍ ያለችው» የሚለው ራሱ ለአንዲት ሴት ከሚወጣ ስም ይልቅ የማዕረግ ስም ይመስላል፤ መሥራቿ በዚህ ስም ተጠርታ ቢሆን አይገርመኝም።

የታሪክ ተማሪ፦

ተቃውሞህን እቀበላለሁ፤ በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። ስሙ በማዕረግነት ቢጀምርም በጥንታዊ የአየርላንድ የቅዱሳን ዝርዝር ውስጥ ከኪልዴሯ ሌላ በዚሁ ስም የሚጠሩ ሴቶች ስላሉ፣ መሥራቿ ስሙን እንደ ማንኛዋም ልጅ ከወላጆቿ አግኝታ ሊሆን ይችላል።

የኪልዴር ምራት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን «ብሪጀት» ሳይሆን «ብሪድ» እንድትባል ወስነናል፤ አማቴም ሰምተው ተስማምተዋል። የቀረኝ ጥያቄ አነጋገሩና አጻጻፉ ነው። ጎረቤታችን ለምን «ቭሪድ» ይላሉ? በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይስ ምን ይሁን?

ጎልዌይ ነዋሪ፦

«ቭሪድ» ሌላ ስም አይደለም። በአይሪሽ አንድን ሰው ስትጠሪው ስሙ ፊት «ኣ» ይገባል፤ እሱም የመጀመሪያውን ተነባቢ ያለሰልሰዋል፤ «ብ» ወደ «ቭ» ይለወጣል። ስለ እሷ ስትናገሪ ብሪድ፣ እሷን ስትጠሪ ኣ ቭሪድ። የመጨረሻው «ድ» በደቡብ አየርላንድ እንደ እኛ «ድ» ይሰማል፤ በምዕራብና በሰሜን ግን ወደ «ጅ» ስለሚያዘነብል «ብሪጅ» የሚል ሰው ብትሰሚ አትደናገጪ። ልጅቷ ሁለቱንም መልክ ትለምደዋለች።

በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በላቲን ፊደል ስትጽፉ በመካከለኛው አናባቢ ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረት አትተዉ፤ ድምፁን የምታስረዝመው እሷ ናት። ስሙ በድሮው አጻጻፍ ድምፅ የሌላቸው ፊደላት ነበሩበት፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአይሪሽ አጻጻፍ ሲቃለል ተቀንሰው የዛሬው አጭር መልክ ወጣ፤ ስለዚህ በአሮጌ የቤተሰብ ወረቀት ላይ ረዘም ብሎ ብታገኙት ስሙ ያው ነው። ጭረቷን የማይቀበሉ የአየር መንገድና የባንክ ኮምፒዩተሮች ስላሉ ቲኬት ስትቆርጡ ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሩ። በእኛ ፊደል ግን ችግር የለም፤ «ብሪድ» ብለሽ በሣልስ «ሪ» ከጻፍሽ ርዝመቱ እዚያው ውስጥ አለ። የክርስትና ስሟን ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ካህኑ ስለሚሰጧት፣ እናትሽ በዚያ በኩል የሚመርጡት ስም ካለ ከወዲሁ ለካህኑ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።